ቡላ የጠጣች ካሚዮን

በጣሊያን ጊዜ ሾፌርነት ትልቅ ሙያ ነበርና ሾፌር ስሆን ዘመዶቼ በእኔ ኮሩ፤ ከኩራታቸው ጋር ምክራቸውም በዛ። መኪና በሩቁ ሲያልፍ ብቻ ያየ ሰው ስለ መኪና ያለው እውቀት ዛሬም ይገርመኛል። ከሁሉም የባሱት የእናቴ ወንድም ነበሩ።

በዚያ ዓመት የመስቀል ዋዜማ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ የምነዳት ካሚዮን የአንድ አረብ ነጋዴ ነበረች። ጨው ጭናለች፤ ጨዉ ላይ ለመስቀል የሚገቡ የአገሬ ሰዎች ተቀምጠዋል። አጎቴ ግን ዘመድ ናቸውና ጋቢና፣ ከጎኔ። የቸኮልኩበት ጉዳይ አንድ ነው። የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የመስቀሉን ሰንጋ የማርደው የበኩር ልጃቸው እኔ ነበርኩ። ጣሊያን ከገባ በኋላ የመንገድ ፈቃድ እየተከለከልኩ ስቀር ጎረቤት እየመጣ አረደልን። በዚያ ዓመት ግን አባቴ፣ “የጎረቤት ቢላ ሰልችቶኛል፤ ካልመጣ ቢላውን ለታናሽ ወንድሙ እሰጣለሁ” ብለው ላኩብኝ። በእኛ ቤት ቢላውን የያዘ ቤቱን ይይዛል። በእኛ አገር ደግሞ ሰንጋው የሚታረደው በዋዜማው ነው፤ ስለዚህ ሳይመሽ መድረስ አለብኝ።

ወሊሶ ላይ ራዲያተሩ ከታች በኩል ሲያንጠባጥብ አየሁ። ስንጥቁ ከጥፍር አይበልጥም። የሚበይድልኝ ሰው ፍለጋ ገበያውን አቋርጬ ብሄድ፣ በያጁ ለመስቀል አገሩ ገብቷል ተባልኩ። ሰው ሁሉ አገሩ ገብቷል፤ መንገድ ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ። እየተቃጠልኩ ስመለስ የራዲያተሩ ማንጠባጠብ ቆሟል። አጎቴ ጥላ ሥር ሆነው እጃቸውን ይታጠባሉ።

“ተወው በቃ፣ ድኗል” አሉኝ።

መኪና እንዴት ይድናል ልል ስል፣ ከላይ ያሉት “ኧረ እንሂድ፣ በሬው ቆሞ አይጠብቀንም” እያሉ ወረዱብኝ። ሞተሩን አስነሳሁ።

ብዙም ሳንርቅ ሙቀቱ ጀመረ። በዚያች ካሚዮን ጋቢና ውስጥ፣ በሾፌሩ እግር አጠገብ፣ ነፋስ የምታስገባ ትንሽ መስኮት አለች፤ ሌላ ጊዜ ስከፍታት ቀዝቃዛ አየር ትሰጠኛለች። ያን ቀን የሰጠችኝ የምድጃ ወላፈን ነው። አጎቴ ጋቢያቸውን ገልጠው፣ “ቆላ እየገባን ነው” አሉ። ወደ ወልቂጤ ሲወረድ መሞቁ እውነት ነው፤ ግን ቆላ ከእግር በኩል አይመጣም።

ቆምኩ። ራዲያተሩን የሚያራግበው ቬንቶላ በደንብ ይዞራል። ቬንቶላውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ አልላላም። ከዚያ በሞተሩና በራዲያተሩ መሃል ውሃ የሚያመላልሱትን የጎማ ቱቦዎች ዳሰስኩ፤ የላይኛው አያስነካም፣ የታችኛው ግን ቀዝቃዛ ነው። ውሃው መዞሩን ትቷል፤ መሃል ላይ የዘጋው ነገር አለ። ይህን ለማሰብ ጥቂት ጸጥታ ፈልጌ ነበር፤ ከጨው ላይ የወረዱት ግን ሁሉም ሐኪም ሆኑ። አንዱ ጠምቷት ነው ይላል፤ ሌላው ዓይን በልቷት ነው ይላል።

እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ የራዲያተሩን ክዳን አላላሁት። ውሃ ቢሆን ፈስሶ ያልፍ ነበር። የወጣው ግን ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚንተከተክ ገንፎ ነው። በጨርቁ ክፍተት ገብቶ ቀኝ መዳፌና ጣቶቼ ላይ ተለጠፈ፤ ሳራግፈው ከነቆዳዬ ተነሳ። ሽታው ያደግኩበት ሽታ ነው። ዞሬ አጎቴን አየኋቸው።

“ጋሼ፣ ምን ጨመሩባት?”

“ቡላ ነዋ። ከገበያ ገዛሁና በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት።”

“ቡላ? ለመኪና?”

“አንተስ ልጅ ሆነህ ከእንሰት ላይ ወድቀህ ክንድህ ሲሰበር በምን ዳንክ? ቡላ አይደለም ያበላንህ? አጥንት የገጠመ ብረት ያቅተዋል?”

ይባስ ብሎ ስንጥቁን ደፍኖታል። ስንጥቁን ደፍኖ ሌላውንም ሁሉ ደፈነው። ከእናት ወንድም ጋር አፍ መካፈት ነውር ስለሆነ ካሚዮኗን ሰደብኳት፤ አረቡን ሰደብኩ፤ ጣሊያንንም ዝግ ባለ ድምፅ ሰደብኩ።

ሰዎቹ እየገፉ ዋልጋ ወንዝ አደረስናት። እኔ በግራ እጄ እያሳየሁ አጎቴ ራዲያተሩን ፈቱ። ገልብጠን በታችኛው አፉ ሙቅ ውሃ ብንጨምርበት ገንፎው እየተቆረሰ ወጣ፤ ጥሩ ውሃ እስኪወርድ ደጋገምነው። የተከፈተውን ስንጥቅ ሳሙናና ቃጫ አስለውሼ አስደፈንኩት። ያን ጊዜ ጀንበር ጠልቃለች፤ በጨለማ መኪና እንዳይንቀሳቀስ ጣሊያን ከልክሏል። ዋዜማዬ ወንዝ ዳር አለፈ። እንዲህ የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጠዋት ስንነሳ ያቺ መስኮት ቀዝቃዛ አየር ሰጠች።

“አየህ?” አሉ አጎቴ። መሪውን በግራ እጄ ይዤ መንዳቴን ቀጠልኩ።

ወልቂጤ ጭነቱን አስረክቤ በእግር ቤት ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ጎረቤቱ ሁሉ ክትፎ ይበላል፤ የእኛ ሰንጋ ከነነፍሱ ቆሟል። ትናንት ማታ ታናሽ ወንድሜ ቢላውን ቢለምናቸው አባቴ፣ “ትልቁ መንገድ ላይ ነው” ብለው ከልክለውታል፤ ልጆቹም ጾማቸውን አድረዋል። ወንድሜ ሰላም ሲለኝ ዓይኑን አላነሳም። የአባቴ ዓይን ጨርሶ ደክሟል፤ ያወቁኝ በድምፄ ነው። ቢላውን ከጉያቸው አውጥተው “ያዝ” አሉኝ።

የተቃጠሉት የቀኝ እጄ ጣቶች አብጠው አይታጠፉም። የመስቀል ሰንጋ ደግሞ በግራ እጅ አይታረድም። ወንድሜ እጄን አየና ፊቱ ተለወጠ። ቢላውን አቀበልኩት።

አረደ። አባቴ የሰንጋውን መውደቅ ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ “በኩሬ፣ ያረደ እጅህ አይዛል፤ ቤቴ ያንተ ነው” እያሉ መረቁ። ወንድሜ ደም በነካው እጁ ቢላውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። አጎቴ፣ “ኧረ ያረደውስ…” ብለው ሲጀምሩ እግራቸውን ረገጥኳቸው።

አባቴ “አሜን” እስኪባል እጃቸውን አያወርዱም። ድምፅ ደግሞ ይለያሉ። ወንድሜ እያየኝ፣ አሜን አልኩ።