የእናቴን ወሰን የገፋው የስበት ሞገድ

«ድንጋዩን የገፋሁት እኔ አይደለሁም፤ ሞገዱ ነው» አሉ የእናቴ ጎረቤት አያ ደምሴ ዛሬ ጠዋት፣ ሽማግሌዎች ፊት፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

እኔ ቢቸና ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሞጣ የመጣሁት እናቴ «የወሰኑ ድንጋይ ማሳዬ ውስጥ ገብቶ አደረ፣ ድረሽልኝ» ብላ ስለደወለች ነው።

አያ ደምሴ የሰሞኑን ዜና በሬዲዮ ሰምተዋል። እጅግ ሩቅ የሆኑ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተጋጭተው አንድ ሲሆኑ የስበት ሞገድ ተነሳ፤ ሞገዱም በምድር ሲያልፍ ሳብ ለቀቅ አደረጋት። ዜናው እውነት ነው። (ተማሪዎቼም እንዲህ ቢያዳምጡኝ!)

«ይኸው አስተማሪዋ ትመስክር። ምድር አልተሳበችም?»

«ተስባለች፤ ግን ከአቶም እጅግ ያነሰ ነው፣ ያውም ወዲያው...»

«ሰማችሁ? ተስባለች አለች!»

እናቴ «ከማን ወገን ነሽ?» በሚል ዓይን አየችኝ። መሬቷ በእኔው ምስክርነት ሊሄድ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

እሷ ግን ቀስ ብላ ተነሳች። «አያ ደምሴ፣ ድንጋዩ ከነበረበት አጠገብ ያለው ባሕር ዛፍ የእርስዎ አይደል? ምድር ድንጋዩን ይዛ ስትሄድ እሱን ምነው ትታው ሄደች?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አያ ደምሴ ድንጋዩን ራሳቸው ተሸክመው መለሱ።

ወደ መናኸሪያ ስሄድ ግን ተከትለውኝ መጡ። ግራ ቀኝ አይተው ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ሌላው ሞገድ መቼ ነው የሚመጣ?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው። ባውቅም አልነግራቸውም ነበር!

እናንተ ሰፈርስ በሳይንስ የሚያመካኝ ጎረቤት አለ? እስኪ አውጉኝ።