ናሙናዬን መልስልኝ

የለቡው ብረት ሠሪ የግቢዬን በር ማጠፊያ ለናሙና ከወሰደ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ በስልክ ለአራተኛ ጊዜ «ነገ ከሰዓት» ሲለኝ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ መሳቢያዬን ከፈትኩና አውራ ጣት የምታክል የብረት እጀታ አወጣሁ። እስከ ዛሬ የማሽን ዘይት ትሸታለች።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አባቴ ነፋስ ስልክ፣ ግቢያችን በር ላይ ብረት በማሽን የሚቀርጽበት ቶርኖ ቤት ነበረው። የወፍጮ ዘንጉም የታክሲ ብሎኑም በዚያ ማሽን ላይ እየተሽከረከረ ይቀረጻል፤ የራሱ የቶርኖው ማዞሪያ እጀታ ግን ከመስቀል በፊት ተሰብሮ እስከ ፋሲካ አልተተካም። አባቴ ጉማጁን በፒንሳ ጨምድዶ ያዞራል፣ ፒንሳው ያመልጠውና መዳፉን ይልጠዋል፣ እናቴ ቁስሉን አጥባ ትጠቀልልለታለች፣ እሱም «ለጊዜው ነው» ይላታል። ሰባት ወር ሙሉ። እጀታዋን ለመሥራት አንድ ሰዓት አይፈጅበትም ነበር፤ ግን የደንበኛ ሥራ ይቀድማል። በመጨረሻ እጁ አበጠ፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስም በዚሁ ከቀጠለ ለጣቶቹ እንደምትሰጋ ነገረችው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስባሪውን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ከደንበኞች ጋር ተሰልፋለች።

«ጋሼ፣ ይቺን እጀታ ይሥሩልኝ፤ ናሙናውን ይዣለሁ።»

አባቴ ስባሪውን አገላብጦ አየና ሳይስቅ «ነገ ከሰዓት ብቅ በዪ» አላት።

በነጋታውም «ነገ» አላት። ከኋላዋ የቆመው ባለታክሲ «እትዬ፣ ምነው ቸኮሉ፣ እኔ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው» ሲል ሰልፉ ሳቀ፤ እናቴ አልሳቀችም። በሦስተኛው ቀን እጇን ዘረጋች፤ ጋሼውም እርስዎውም ቀርቷል።

«ናሙናዬን መልስልኝ። ብስራተ ገብርኤል ያለው ቶርኖ ቤት እወስደዋለሁ።»

የአባቴ ፊት ተለወጠ። የወፍጮውን ዘንግ ከማሽኑ ላይ ፈትቶ አወረደ፣ በተጠቀለለው እጁ ፒንሳውን ለመጨረሻ ጊዜ ጨበጠና እጀታዋን ቀርጾ ገጠማት።

«ብስራተ ገብርኤል እንዲህ ይሠራሉ?» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

እጁ ዳነ። አባቴ ካረፈ በኋላ ቶርኖው በኪሎ ሲሸጥ፣ እናቴ ከመጫኑ በፊት እጀታዋን ፈታ ወሰደች፤ ገዢው ቢያጉረመርም «ይቺ የደንበኛ ሥራ ናት» አለችው። አሁን እሷም የለችም።

እጀታዋን ጨብጬ ለብረት ሠሪው መልሼ ደወልኩ።

«ናሙናዬን መልስልኝ፤ ሌላ ጋ እወስደዋለሁ» አልኩት፣ ልክ እንደ እናቴ፣ ከዚያም ጠበቅሁ።

«እሺ፣ መጥተው ይውሰዱት» አለኝ።