እርጥቡ ገበቴ

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በተነሣ ሰሞን፣ ከአሰብ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱት የመጨረሻዎቹ የጭነት መኪኖች ሲሰለፉ፣ ሾፌሩ ክብሩ በቶርኖ እንጨት እያሽከረከሩ ገበቴ የሚሠሩትን ሽማግሌ ሊወስዳቸው መጣ። ስማቸውን አያውቅም፤ ዓሥር ዓመት ሙሉ «ጋሼ» ሲላቸው ኖሯል። ሰላምታቸው በዐረብኛ፣ ቁጣቸው በትግርኛ፣ ጨዋታቸው በአማርኛ ነው፤ አገራቸውን የጠየቃቸው ሰው ግን መልስ አግኝቶ አያውቅም። ከቶርኖው አጠገብ ማንም እንዲቀመጥባት የማይፈቅዱት የአንዲት ሴት የነበረች በርጩማ አለች።

«ጋሼ፣ ይነሡ እንጂ! ወደቡ እኮ ባዶ ሆነ። ማን ገበቴዎን ሊገዛ ነው?»

ሽማግሌው ቶርኖውን አላቆሙም። ፍቅፋቂው በላብ የራሰ ካናቴራቸው ላይ እየተለጠፈ የገበቴውን ሆድ በመሮ ቦረቦሩ። ከዚያ ፈትተው ለክብሩ አስያዙት። ከበደው።

«ይሄ እኮ እርጥብ ነው» አለ።

«አዎ፣ እርጥብ ነው። ዛሬ ከጨረስኩት ይሰነጠቃል። ዓመት ጥላ ውስጥ ይደርቅና ያኔ አሳምረዋለሁ።»

«ዓመት? እዚህ?»

«ታዲያ የት ሊሆን ኖሯል?» አሉና ተቀብለው መደርደሪያው ላይ ደፉት።

ከውጭ የተሰለፉት መኪኖች ጡሩምባ ክብሩን ሲጣራ፣ እሳቸው ሌላ እርጥብ ጉማጅ ቶርኖው ላይ እያሰሩ ነበር።