የገመቹ አምስተኛ ኳስ

ባለፈው ሳምንት ከድሮው ባቡር ጣቢያ ወዲህ አዲስ የተከፈተ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ልጅ ስኒውን ያስቀመጠችልኝ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም፤ ፍሊፐር ላይ ነበር! ያ የብረት ኳስ እያስፈነጠረ ቡና ቤቶቻችንን ሁሉ በደወል ያናውጥ የነበረው የድሮ መጫወቻ ማሽን እግሩ አጥሮ ጠረጴዛ ሆኗል። ሳፈጥበት አይታ "ለጌጥ ነው አባባ" አለችኝ። ለጌጥ! ማኪያቶዬ እፊቴ ቀዘቀዘ።

እኛ ወጣት ሳለን ናዝሬት ውስጥ ደህና ፍሊፐር የነበረው ጋሽ ዘውዴ ቡና ቤት ነው። እዚያ አብሮኝ የማይጠፋው ገመቹ ነበር፤ የክፍል ጓደኛዬ፣ የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ልጅ። ገመቹ የልብ ታማሚ ነበር። በልጅነቱ ጉሮሮውን ታሞ በሽታው ወደ ልቡ ወረደ ይሉ ነበር። ኳስ ሜዳ ሄዶ ቆሞ ከማየት በቀር አይችልም። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ትንሽ ተራምዶ ከንፈሩ ሲጠቁር ጋሪ እናስቆማለን። ፍሊፐር ላይ ሲቆም ግን ንጉሥ ነው። ሩጫ የለበት፣ ዳገት የለበት፣ ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። "የእኔ ስታዲየም" ይለው ነበር።

ታዲያ አንድ የግንቦት ሰሞን የፍሊፐሩ እጆች ዛሉ። እጆች የምንላቸው ከታች ሆነው ኳሷ እንዳትወድቅ ወደ ላይ የሚመልሷትን ሁለት መምቻዎች ነው። ድሮ ቁልፉን ስትጫን ጧ! አድርገው ያስፈነጥሯት ነበር፤ አሁን ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው እየተጎተቱ ይነሳሉ። ኳሷም ግማሽ መንገድ ደርሳ ትመለሳለች። በዚያው ሰሞን ገመቹ አዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲገባ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ልቡን ሊከፍቱት ነው።

"ስማ ታዴ" አለኝ፣ "ሳልሄድ አንድ ደህና ጨዋታ መጫወት አለብኝ። በዚህ እጅ ግን አይሆንም።"

"አንተ ደግሞ! ስንት የምታስበው ነገር እያለብህ ፍሊፐር?"

"እና ምኑን ላስበው?" አለኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርነው መብራቱን ነው። ማታ ማታ ከተማው ሁሉ አምፖል ሲያበራ ኃይሉ ይደክም ነበርና፣ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዘውዴ ገና ደጃፋቸውን ውሃ ሲረጩ ሄድን። ለውጥ የለም። ቀጥሎ እጆቹ ላይ ያለውን ጎማ ጠረጠርን፤ ከብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጠን ቀየርነው። እሱም አይደለም። ገመቹ ላቡን ጠረገና "ሶኬቱን ንቀል፣ ሆዱን እንየው" አለኝ።

የመጫወቻውን ሰሌዳ ቀና አደረግነው፤ ገመቹ ከሥር መምቻውን የሚገፋውን ብረት በጣቱ ገፋ አደረገው። ብረቱ እዚያው ቀረ፣ አልመለስ አለ። "ኮቱ፣ ና ንካው እስቲ" አለኝ። ነካሁት፤ ጥቁር ሙጫ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

"ጋሽ ዘውዴ፣ እዚህ ውስጥ ምን ይጨምራሉ?"

"ዘይት ነዋ! የስፌት መኪና ዘይት። በየሳምንቱ ሳላጠጣው አላልፍም" አሉ በኩራት።

ገመቹ እስኪያስለው ሳቀ። የናዝሬትን አቧራ የማያውቅ ሰው ምኑ ያስቃል ይል ይሆናል። ግንቦት ላይ ነፋሱ ሲነሳ በር ብትዘጋበት በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል፤ ሳምቡሳ ስትገምጥ ጥርስህ ላይ ይንኮሻኮሻል። ያ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ብረቱን አንቆ ይዞታል። ጋሽ ዘውዴ በፍቅር ነው ያነቁት፣ ምን ይደረግ።

ቤንዚን ብንጠይቃቸው አረቄ አመጡልን። ብረቱን ፈታን፣ በአረቄ አጥበን በጨርቅ ወለወልነው። ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን የጠቆሩ ጥርሶች ደግሞ ገመቹ በክብሪት ቀፎ ሻካራ ጎን ቀስ እያለ ፈገፈጋቸው። ሁሉም እስኪደርቅ ጠበቅንና ያለ ዘይት ገጠምነው። ሶኬቱን ሰካሁ፤ ገመቹ ቁልፉን ተጫነ። ጧ! ጋሽ ዘውዴ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ።

"አየህ?" አለኝ ዓይኑ እያበራ። "ደካማ አልነበረም እኮ፣ ትንሽ ቆሻሻ ነው የያዘው። የእኔም እንደዚሁ ይሆናል። ከፍተው ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው የሚያገኙት።"

"ነዋ! ትንሽ ነገር ነው" አልኩት። ከልቤ አምኜ ነው ያልኩት። ያን ቀን በዓለም ላይ የማይጠገን ነገር ያለ አልመሰለኝም።

አንድ ጨዋታ አምስት ኳስ ነው። አራቱን እንደዚያ ቀን አድርጎ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። አምስተኛዋ መጥታ መነሻዋ ላይ ስትቆም ግን እጁን አነሳ።

"ይቺን ስመለስ።"

ጋሽ ዘውዴ የጠረጴዛ ልብስ አምጥተው ማሽኑን አለበሱት። ከዚያ በኋላ ማንም ቢለምናቸው "የተያዘ ነው!" እያሉ ያባርሩ ነበር።

ገመቹ አልተመለሰም። ከፈቱት፤ ያገኙት ትንሽ ነገር አልነበረም። መቂ ስንቀብረው ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ቲማቲም የጫኑ መኪኖች ዳር ይዘው አሳለፉን። አቤት፣ ዛሬም ያቃጥለኛል። ጢሙ እንኳ በወጉ አልወጣም ነበር።

ከሰልስቱ በኋላ ጋሽ ዘውዴ አስጠሩኝና ጨርቁን ገፈፉት። "ጨርስለት" አሉኝ።

"አልችልም ጋሼ።"

"ቆማ መቅረቷ ደግ አይደለም ልጄ" አሉ፣ እንባቸው እየወረደ።

የማስፈንጠሪያውን ዘንግ ስቤ ኳሷን ለቀቅኳት። እኔ እንደ እሱ ተጫዋች አልነበርኩም፤ ያን ቀን ግን አልወድቅ አለች። እጆቹ ብርቱ ነበሩ። እያለቀስኩ መታኋት፣ ወረደች፣ እንደገና መታኋት። እንድታልቅ አልፈለግኩም። በመጨረሻ በሁለቱ እጆች መሀል አለፈችና ማሽኑ ጸጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ በኑሮዬ ብዙ ነገር ፈትቼ ገጥሜአለሁ፣ ብዙ ታማሚም ጠይቄአለሁ። አንድም ቀን ለማንም "ትንሽ ነገር ነው" ብዬ አላውቅም። ከአፌ አይወጣልኝም።

"አባባ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ አስተናጋጇ።

"ደህና ነኝ የኔ ልጅ። ይኼን ድሮ እንጫወትበት ነበር።"

"እንዴት ነው ጨዋታው?"

"ኳሷ እንዳትወድቅ መመለስ ነው።"

"እሺ፣ መጨረሻ ላይስ?"

"መጨረሻ ላይማ ትወድቃለች" አልኳት፣ ስኒዬንም ከፍሊፐሩ መስታወት ላይ አንስቼ በእጄ ያዝኩት።