ሲዲዎቼን በመልካቸው አውቃቸው ነበር

እኔ እናቴን ልቀብር ድሬዳዋ ሄጄ ሳለ አብሮን የሚኖረው የሚስቴ ወንድም አራቱን የጌም ማሽኖቼን ሸጠብኝ። ሲዲዎቼንም በፌስታል ሰብስቦ ቆሻሻ ላይ ጣለ። አላስፈቀደኝም። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ጌም ቤቱ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነበር። አንድ ክፍል፣ መስኮት የሌለው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ወደብ ላይ ጆንያ ስሸከም ኖሬ ወገቤ እምቢ ሲለኝ የከፈትሁት ነው። ማሽኖቹን ቡላኦስ ገበያ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ መሀል አንድ በአንድ ለቅሜ ገዛኋቸው፤ ፈረንሳዮች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተዋቸው የሚሄዱ ናቸው። ያኔም አርጅተው ነበር። አዲስ ማሽን ያላቸው ቤቶች በየመንገዱ አሉ፣ ወጣቱ እዚያ ይሄዳል። ወደ እኔ የሚመጣው በልጅነቱ ድሬዳዋ ወይ አዲስ አበባ እነዚህኑ ሲጫወት ያደገ፣ አሁን ከባድ መኪና የሚነዳ ወይ ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም እንዳያዘው ፈልጎ ነው የሚመጣው።

ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ማፈር ያለባቸው ያላስተማሩኝ ናቸው። የቤቱን ሥራ ግን ማንም ሳያግዘኝ አካሂደው ነበር። ሲዲዎቹን በመልካቸው አውቃቸዋለሁ። የኳሱ ዳሩ ላይ ጥርስ የነከሰው የሚመስል ጭረት አለው። የመኪናው ጥቁር ነው። ሁለቱ የድብድብ ሲዲዎች ስለሚመሳሰሉ አንዱ ላይ በሚስቴ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌበታለሁ። የማሽኖቹንም አመል አውቃለሁ፤ አንዱ ሌንሱ ስለደከመ በጀርባው ካልገለበጡት አያነብም፣ አንዱ ደግሞ ሲሞቅበት ያኮርፋል። ደንበኛ ገብቶ «ኳስ» ሲለኝ ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ እጄ ሲዲው ላይ ያርፋል።

ከለቅሶ ስመለስ ገና ፀጉሬን እንደተላጨሁ ነበር። በሩን ስከፍት በማሽኖቹ ቦታ ሁለት ኮምፒውተር ተቀምጧል። የድሮዎቹ ሆዳም ቴሌቪዥኖችም የሉም፤ ግድግዳው ላይ ጠፍጣፋ ስክሪን ተሰቅሏል።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ የሚስቴ ወንድም።

«ማሽኖቹስ?»

«ገላገልኩህ። ይሄ ኢሙሌተር ይባላል። ኮምፒውተሩ ራሱ እንደ ድሮው ማሽን ይሆናል። ያንተ ጌሞች፣ ያንተም ያልሆኑት፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ።»

«ሲዲዎቼን አምጣ።»

«ሲዲ ምን ያደርግልሃል? ሲዲ እኮ ሞቷል ጋሼ።»

«እናቴም ሞታለች» አልሁት። «እሷን ግን ቆሻሻ ላይ አልጣልኳትም።»

ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ክፉ ታደርገዋለህ። ልጁ ለፍቶ ነው» አለች። እርግጥ ነው ለፍቷል። ሰው ያለቦታው ገብቶ ሲለፋም ምስጋና ይጠብቃል።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሁ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል፣ ከላይ እስከ ታች። ስጫነው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። ሁሉም አንድ መልክ ነው፤ ጭረት የለው፣ ቀለም የለው። ደንበኛ ገብቶ «ኳስ» ሲለኝ እጄ የሚሄድበት አጣ። አማቼን ጠራሁት። መጥቶ አንዴ ነካ አደረገውና ሄደ። ቀጣዩ ደንበኛ ሲገባ እንደገና ጠራሁት። ቀትር ላይ የዕለቱ ጫት ከተማ ከገባ በኋላ ደግሞ ከፍራሹ አይነሳም፤ ደንበኛው ላብ በላብ ሆኖ ይጠብቃል። ወር ሳይሞላ በቤቴ ውስጥ ያየሁት ይኸው ነበር፦ አንዱ ገብቶ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ወንድምዬ፣ ባለቤቱን ጥራልን» አለኝ። ጠራሁለት።

ጨዋታው ራሱም ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። አንድ የነዳጅ ቦቴ ሹፌር ነበረኝ፣ ከአዋሽ ወዲህ ያለውን መንገድ ሁሉ በልቶ የጨረሰ፣ ጅቡቲ በገባ ቁጥር የሚመጣ። ጆይስቲኩን ይዞ ጥቂት ተጫወተና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጠጥቷል እንዴ? እኔ እጫናለሁ፣ እሱ አስቦበት ነው የሚዘለው።»

ልክ ነው፤ በጣት መጫንና በስክሪኑ መዝለል መሀል ትንሽ መዘግየት አለ። ከድሮ ጀምሮ የተጫወተ ሰው ይሰማዋል፣ ሌላው አይሰማውም። ምስሉም ብሶበታል። በሆዳሙ ቴሌቪዥን ላይ ተጫዋቾቹ ደብዘዝ ብለው ሰው ይመስሉ ነበር፤ በአዲሱ ግን ከካርቶን በምላጭ የተቆረጡ ናቸው። አልዋሽም፤ በሙቀት ማኩረፍ ቀርቷል፣ ሲዲ ተቧጨረ ተብሎ ጨዋታ አይቋረጥም። ይህን ጥቅም ለአማቼ አልነፈግሁትም። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ የቤቴን ሥራ ራሴ ማካሄድ።

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሰው ቤት የምትሠራ፣ ዓርብ ብቻ የምትወጣ። የምትጫወተው የእርሻ ጌም ነበር፤ ታርሳለች፣ ታጭዳለች፣ ከብት ታረባለች። የደረሰችበት የሚቀመጥበትን ካርድ ቀይ ክር አስራ እኔ ዘንድ ታስቀምጥ ነበር። ካርዱም ከማሽኖቹ ጋር ተሸጧል።

«እንደ አዲስ ጀምሪ፣ ጌሙ ያው ነው» አላት አማቼ።

«ያው አይደለም። የኔን ከብቶች ነው የምፈልገው።»

«ከብቶቹ እኮ ሥዕል ናቸው!»

«አውቃለሁ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች፣ «ወንድሜ፣ እኔ የራሴ የምለው ቤት እሱ ብቻ ነበር እኮ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

ማንበብ ልማር ያልሁት በዚያ ሰሞን ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ ዲያቆን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ያስተምር ነበር። ሄጄ ከኋላ ተቀመጥሁ። ልጆቹ ሳቁብኝ። «አባባ፣ እሱ ካዕብ ነው፣ ሳልስ አሉት!» ይሉኛል፤ እንደኔ አፋቸውን እያጣመሙ ይደግሙብኛል። ቻልሁት። አንድ ዓመት ፈጀብኝ፣ ቻልሁት። የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ በራሴ ዓይን ያነበብሁ ዕለት ከግቢው በቀጥታ ወደ ጌም ቤቱ ሄድሁ። ኮምፒውተሩን አበራሁት። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። ከተማርሁት አንድም ፊደል የለም።

የፈረንጁ ፊደል ሌላ መልክ እንዳለው አይቼ ነበር፤ ከተማው ሙሉ በእሱ ነው የተጻፈው። ግን ማንበብ እንደ ዋና መስሎኝ ነበር፤ በአንዱ ባሕር የቻለ በሌላውም የሚችል። ማንም እንዲያ አይደለም አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

አማቼ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ገባው። ሳቀ፣ እየሳቀም ግድግዳውን ያዘ።

«ጋሼ! ለዚህ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ የምትጠፋው? ዲያቆኑ የፈረንጅ ጌም በግዕዝ ይፈታልኛል ብለህ ነው?»

ያን ቀን አልመታሁትም። ለምን እንዳልመታሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ወንበር ማስተካከልና ማራገቢያ ማብራት ያዝሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ቦቴ ነጂው መጣ። አማቼ እንደተለመደው ፍራሹ ላይ ነው፤ ጠራሁት፣ «መጣሁ» አለ፣ አልመጣም። ሹፌሩ ሰለቸውና ራሱ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠ። እዚህም እዚያም ነካካ። ነጩ ፊደል ድንገት ጠፋና ስክሪኑ በሥዕል ተሞላ፤ የየጌሙ ሽፋን ነው፣ ጎን ለጎን ተደርድሯል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በሥዕልም ይሆናል። በፊደል ብቻ አድርጎ የተወው ማን ነው?»

ኳሱን አየሁት። መኪናውን አየሁት። የጥፍር ቀለም የቀባሁበትን ድብድብ አየሁት። «ኳስ» አለኝ ሹፌሩ፤ እጄ ራሱ ሄዶ አወጣለት። ተጫወተ፣ አመሰገነኝ፣ ሄደ። አመሻሽ ላይ አማቼ ገባ። ስክሪኑን አየ። እኔን አየ። ተቀምጦ ሥዕሉን አጠፋና ፊደሉን መለሰው።

ማሽን መሸጡን እንደ ጥጋብ ቆጥሬው ነበር። ያን ዕለት የተሠራብኝ ሌላ ነገር መሆኑ ገባኝ።

ነገሩን ለሽማግሌ ሰጠሁት። ዋናው ዳኛ ድሮ ባቡር ጣቢያው ሲሠራ በነበረበት ዘመን ሹም የነበሩ፣ ዛሬ በከዘራ የሚሄዱ አባት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም።

«ጨዋታው አለ ወይስ የለም?»

«አለ አባባ» አልሁ።

«ከበፊቱ በዝቷል አላልክም?»

«በዝቷል።»

«ታዲያ ከበዛ ምን ጎደለብህ ልጄ?»

«እኔ ጎደልኩ» አልሁ። ሥዕሉን ነገርኋቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ አማቼ አዞሩ።

«በሥዕል እንደሚሆን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ደበቅህበት?»

«በሥዕል ካደረኩለት እኔን ምን ያደርገኛል?» አለ ልጁ። «በማግስቱ ሂድ ይለኝ ነበር። የት እሄዳለሁ?»

ከዚያ ልጅ አፍ ከወጣው ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። እውነትም ሂድ እለው ነበር።

ፈረዱ። አማቼ ኮምፒውተሮቹንና ስክሪኖቹን ይዞ ይውጣ፣ ክፍሉና ቁልፉ የኔ ይሁን። «ማሽኖቼስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «የተሸጠ ተሸጧል ልጄ፣ ያለውን ተቀበል» አሉኝ። ያለው ባዶ ክፍል ነበር። ቡላኦስን ስዞር ሰነበትሁ፤ እንደዚያ ያለ ማሽን አሁን የሚገኘው ለመለዋወጫ የተበታተነ ነው። አማቼ ከዚያው መንገድ ማዶ ክፍል ተከራየ። በሥዕል አድርጎታል፤ ማንም ገብቶ የፈለገውን ይመርጣል። ቦቴ ነጂውም እዚያ ነው የሚጫወተው፤ ሲያልፍ ከሩቅ እጁን ያነሳልኛል። ሚስቴ ወንድሜን ጎዳና አወጣህብኝ ብላ ብዙ ጊዜ ሳታናግረኝ ቆየች። አሁን ታናግረኛለች፣ ስለ ምሳ።

ክፍሉን ለሽንኩርት ነጋዴ አከራይቼዋለሁ። በሩ ሲከፈት ሽታው እስከ ማዶ ይደርሳል።

ሽማግሌዎቹ አጨባብጠውን፣ ይቅር ተባብለናል አስብለውን፣ የባዶውን ክፍል ቁልፍ መዳፌ ላይ ያስቀመጡልኝ ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን፣ ሚካኤል ዕለት ነው።