በብሎኑ ላይ ያለው ቀይ ቀለም

ሻለቃው የአባቴን ጠመንጃ ነጠቀኝ። ፈቃድ የለህም አለኝ፣ ነጠቀኝ፣ በቃ። እዳጋ ሓሙስ ገበያ መሐል፣ ሰው እያየ፣ ከትከሻዬ ላይ አወረደው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በኋላ እኔ ያደረግሁትን ግን ለማንም፣ ለንስሐ አባቴም ቢሆን ተናግሬው አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ ነው፤ ጽሑፌ ቢሻክርብህ ታገሠኝ። ነገሩም ሻካራ ነው።

ያን ጊዜ አስመራ ውስጥ የአደን ጠመንጃ አስተካክል ነበር። ሻለቃው በዓመቱ አዲስ ጠመንጃ ከውጭ አስመጣ፤ እጀታው ወደ ኋላ እየተሳበ ጥይት የሚያጎርስ፣ ሰደፉ እንደ መስታወት የሚያበራ። ወዴት ይዞት ቢመጣ ጥሩ ነው? ወደ እኔው ኦፊቺና፣ ወደ ጠመንጃ መጠገኛዬ! ማፈር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

«ማነጣጠሪያ መነጽሩን ግጠምልኝና አስተካክለው» አለ። «የአባትህን ዱላ ስትወለውል ኖረህ፣ ዛሬ ገና ጠመንጃ ያዝህ።»

«እሺ ጌታዬ» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

እውነቱን ልናገር፣ ጠመንጃውን ወደድሁት። መነጽሩን ገጠምሁ። ከጸጸራት ሰፈር ወዲያ ወዳለው የድንጋይ ማውጫ ወሰድነው፣ ሳንቃ ላይ ክብ ሥዬ ተኮስሁ፣ የመነጽሩን ማስተካከያ ብሎን ዞር እያደረግሁ ደግሜ ተኮስሁ። በመጨረሻ ሻለቃው ራሱ ተኩሶ መሐሉን በሳው። እንደ ልጅ ሣቀ። «በል ወልውለህ ቀለምህን ቀባው፣ ነገ እወስደዋለሁ» ብሎኝ ሄደ።

ቀለሙ ይህ ነው፦ አንድ ጠመንጃ ልክ ሲገባልኝ የመነጽሩ ብሎን ላይ ቀይ ቀለም ጠብ አደርጋለሁ። ቀለሙ ካልተሰነጠቀ ብሎኑን ማንም አልነካውም ማለት ነው። ቃሌ ነበር። ቀለሜን ያየ አዳኝ ሌላ ሳይፈትሽ ጫካ ይገባል።

እኔ ብሎኑን አዞርሁት። እኔ። ጥይቱ ከሩቅ ስንዝር ተኩል ወደ ቀኝ እንዲስት አድርጌ አዞርሁት፣ በላዩም ቀለሜን ቀባሁበት። ምን ፈልጌ? ለአደን በሚጋብዛቸው እንግዶቹ ፊት ስቶ እንዲያፍር፣ እኔ ገበያ መሐል እንዳፈርሁ። ለራሴ ስንት ዓመት ይህን ነገርሁት! የቆሰለ አውሬ ምን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም ነበር? የአዳኝ ልጅ አይደለሁም?

ቀለሙ ሳይደርቅ ሃብቶም መጣ። ጎረቤቴ ነው፣ የሻለቃው መንገድ መሪ። መንገድ መሪ ከፊት ይሄዳል፣ ተኳሽ ከኋላ። አውሬው ከቆሰለም ቁጥቋጦው ውስጥ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው፣ ጦሩን ብቻ ይዞ።

«ነገ ነብር ነው። ሓወይ፣ ጠመንጃው ጽቡቕ ድዩ?» አለኝ። ወንድሜ፣ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው።

ቀለሙ ጣቴ ላይ ነበር። ጣቴን በጨርቅ ጠረግሁ።

«እወ፣ ደህና ነው» አልሁት።

«እንግዲያው ቆዳውን ላንተ አመጣልሃለሁ። ይህን ወንበርህን አልብሰው፣ ቂጤን ጨረሰው!» ብሎ እየሣቀ ወጣ።

ያን ጊዜ ብጠራው ይሰማኝ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሲሄድ አየሁት እንጂ አልጠራሁትም።

ነብሩ ትከሻውን ሳይሆን ጭኑን ተመታ። ሃብቶም ደሙን ተከትሎ ገባ። ያወጡት በጋቢ ጠቅልለው ነው።

ሽማግሌዎች ለዕርቅ ተቀመጡ። ሻለቃው፣ ያ ቀማኛ፣ ባርኔጣውን አውልቆ በሃብቶም ሚስት በለተብርሃን እግር ሥር ተንበረከከ። «ጠመንጃው የዚህ ሰው ቀለም አለበት፣ ልክ ነው» አለ ወደ እኔ እያመለከተ። «የሳተው የእኔ እጅ ነው።» ቄሱ መስቀላቸውን አወጡና «የደበቀ ካለ አሁን ይናገር» አሉ። መስቀሉ ሰዉን ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ሳምሁት። ለተብርሃን እያለቀሰች ለሻለቃው ይቅር አለችው። ባልዋን የገደልሁት እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የዕርቁን እንጀራ በላሁ።

ሻለቃው የአባቴን ጠመንጃ እስከ መጨረሻው አልመለሰልኝም። ይህ ምክንያት አይሆነኝም። ይቅር በለኝ ብዬም አልለምንህም፤ ይቅርታ ማድረግ የምትችለው ለተብርሃን ሳታውቅ ሞታለች። በእነሱ ዘንድ ነገሩ ያለቀው በዚያው በዕርቁ ቀን፣ ኅዳር 16 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው።