ሁለት ጊዜ ጨው የገባበት ፓፓድ

የሻረግ መቆጣቷ የሚታወቀው በዘነዘናዋ ነው። ስትበደል አትሳደብም፣ አታለቅስም፤ ሙቀጫዋን ጎትታ ሊጥ ትወቅጣለች። ላሊበላ ውስጥ ከቤቷ በላይም በታችም ያሉ ጎረቤቶች ያን ድምፅ ሲሰሙ «ዛሬ ደግሞ ማን ነካት?» ይባባላሉ። ይህ ነገር በሆነበት የሁዳዴ ሳምንት የነካት የገዛ ልጇ ነበር።

ሊጥ ሲባል የእንጀራ እንዳይመስላችሁ። ፓፓድ የሚባል የህንዶች ቂጣ ነው። የምስርና የሽንብራ ዱቄት በጥቂት ሶዳ ይለወሳል፣ ቁንዶ በርበሬና ከሙን ይገባበታል፣ ሙቀጫ ውስጥ እስኪለሰልስ ይወቀጣል፣ ከዚያ ሳስቶ ሳስቶ ይዳመጥና በፀሐይ ይደርቃል። የጋለ ዘይት ሲነካው ወዲያው ተነፍቶ ይነሣል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። የላስታ ሰው መጀመሪያ ሲያየው ይስቅበታል፤ ሁለተኛውን ግን ማንም ሳይጋብዘው ያነሣል።

የሻረግ ይህን ሙያ ያገኘችው ወልድያ ነው። ባሏ ሞቶባት ትንሹን ልጇን ዮኒን ይዛ ሥራ ፍለጋ የወረደች ጊዜ፣ እትዬ ካማላ የሚባሉ ህንዳዊት ቤት ገባች። ባላቸው አስተማሪ ነበሩ። እትዬ ካማላ የአገራቸውን ጥቁር ምስር ገበያ ለገበያ ፈልገው ቢያጡት፣ የኛን ምስርና ሽንብራ እየቀላቀሉ ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜ ጣሉት፣ በአራተኛው ተሳካላቸው። መዳመጫ እንጨታቸው ሲሰበር የሻረግ የእናቷን የጥጥ መዳመጫ ብረት አመጣችላቸው፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ አልዳመጡም። ስድስት ዓመት ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣውላ ላይ ሠሩ። አሠሪና ሠራተኛ ናቸው ቢባል ማንም የሚያምን አልነበረም።

ያ ጣውላ ዛሬም የሻረግ ቤት አለ። እትዬ ካማላ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ወረቀት ለጥፈውበት፣ ከላይ በላስቲክ ሸፍነው ሰጥተዋታል። ፊደል የቆጠሩት ከዮኒ ጋር ነበርና፣ የልጅ በሚመስል እጅ ሁለት መስመር አማርኛ ጽፈውበታል። «ካማላ ከእናቷ። የሻረግ ከካማላ።» ሊጡ ሲዳመጥ ይህ ጽሑፍ በላዩ አልፎ ካልታየ ገና ፓፓድ አልሆነም። ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው። አንቺ ያስተማርሽው ሰው ይጻፍበታል አሏት። የሻረግ ማንበብ አትችልም፤ ሁለቱን መስመሮች ግን በቃሏ ትወጣቸዋለች፣ የባዶውንም መስመር ባለቤት በልቧ ወስናለች። ዮኒ ነው፤ ሌላ ማን አላት?

የሻረግ ልጇን ይዛ ላሊበላ ተመለሰች፤ እትዬ ካማላም አገራቸው ገብተው አንድ ሁለት ጊዜ ደወሉ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ የሻረግም ስልኳን ከነቁጥሩ አጣችው። ይኑሩ ይሙቱ አታውቅም። በዚያ ክፉ ጊዜ ሆቴሉ ሁሉ ተዘግቶ፣ ዘይት የሚባል ነገር ጠፍቶ፣ እናትና ልጅ ነፍሳቸውን ያቆዩት ቀድማ አድርቃ በሞሰብ ባስቀመጠችው ፓፓድ ነው። በፍም ላይ እያገላበጠች ጠበሰችለት። ዮኒ ሲበላ «እትዬ ካማላን እግዜር ይስጣቸው» ይል ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቂጣው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሰላም ሲመለስ አቶ ሙሉሃብት ሆቴሉን ከፈተና የሻረግን ወጥ ቤት ቀጠራት። ዮኒም አስጎብኚ ሆኖ እንግዶቹን ወደዚያው ያመጣል። እንግዳ እንደ ድሮው አይደለም፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። የመጣው ግን ፓፓዱን ወደደ። የጾም ነው፣ ሥጋ የማይበላውም ይበላዋል፣ በዚያ ላይ ፎቶ ያምርበታል። አቶ ሙሉሃብት መጀመሪያ ስሙን እንኳ አልጠየቀም ነበር። ሲወደድ ጊዜ ነው ዓይኑ የበራለት።

የዚያ ወጥ ቤት የጾም ወግ አለው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀምስ የለም፤ የሻረግም ትርሐስም ይጾማሉ። ትርሐስ ከኩልመስክ የመጣች፣ ፓፓዱን ከሥሯ ሆና የምትማር ረዳቷ ናት። ምላስ በሌለበት ጨው በምን ይታወቃል? ለዚህ ስኒ አላቸው። ጨው የሚለካው በአንዲት እጀታዋ በወለቀ ስኒ ነው፤ ጨው ያስገባች ሴት ስኒዋን ከሊጡ ወይ ከድስቱ አጠገብ ትደፋታለች። ስኒ ከተደፋች ጨው ገብቷል፣ ማንም አይጨምርም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሲሠሩ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ሰኞ ረፋድ ላይ የሻረግ ዱቄቱን ለውሳ ጨው ልትለካ ስትል አቶ ሙሉሃብት አስጠራት። ወጣች። በረንዳው ላይ አዲስ ሰሌዳ እየተሰቀለ ነው፤ የተጠበሰ ፓፓድ ፎቶ አለበት፣ ከሥሩ እንግሊዝኛና አማርኛ ተጽፏል። አንብቡልኝ አለች። አቶ ሙሉሃብት ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበላት፤ የቅዱሳን ነገሥታት የጾም ቂጣ፣ ስምንት መቶ ዓመት በላስታ እናቶች እጅ የቆየ።

የሻረግ የሰማችውን ማመን አቃታት። ይህ የህንድ ፓፓድ ነው አለች። አቶ ሙሉሃብትም ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው እየሳቀ አስረዳት። እንግዳ ላሊበላ ድረስ መጥቶ የህንድ ቂጣ ምን ያደርግለታል? እንግዳ የሚፈልገው ታሪክ ነው፤ ታሪኩን ደግሞ ባለሙያ አግኝተንለታል ብሎ የዮኒን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

ለካ ታሪኩን ከራሱ ያወጣው ዮኒ ነው። የገዛ ልጇ። ሰሌዳው ሥር ቆሞ ስልኩን ይነካካል፣ ቀና ብሎ አያያትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

«አቶ ሙሉሃብት፣ በሰው ወርቅ አይደምቁም» አለች የሻረግ። «ይሄ የእትዬ ካማላ እጅ ነው። ስማቸውን አትግደሉብኝ።»

ካማላ ዛሬ የት አለችና ማን ይጠይቀናል አላት አቶ ሙሉሃብት። ደግሞም ካልተስማማሽ ሊጥ የሚዳምጥ ሴት ሞልቷል አለና ፊቱን አዞረ።

ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ የምትረግጠው አይታያትም ነበር። እስከዚያ ድረስ ትርሐስ ሥራ ላግዛት ብላ ጨዉን ለክታ አስገብታ፣ ስኒዋን እንደ ደንቡ ደፍታ፣ ባልዲ ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። የሻረግ የተደፋችውን ስኒ አነሣች። አነሣቻት እንጂ አላየቻትም። ሞልታ ጨመረች፣ ሊጡን ወደ ሙቀጫው ገለበጠች፣ ዘነዘናውን ጨበጠች። ያን ቀን የወቀጠችውን አወቃቀጥ ሰሌዳ ሰቃዩ ሠራተኛ ሳይቀር ወሬ አደረገው። ትርሐስ ስትመለስ ፊቷን አይታ ባልዲዋን አስቀምጣ ወደ ምድጃው ዞረች።

ማክሰኞና ረቡዕ እየዳመጠች ሰገነቱ ላይ አቡጀዲ ዘርግታ አደረቀችው። የላስታ የሁዳዴ ፀሐይ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ጠዋት የተዘረጋ ማታ ይንኳኳል። ቁራ እያባረረች፣ እያገላበጠች፣ ከዮኒ ጋር አንድ ቃል ሳትነጋገር ሁለት ቀን ዋለች። ቤት ሲገባ ራቱን ታቀርብለታለች፣ ፊቷን አትሰጠውም። እሱ እማዬ ሥራ እኮ ነው፣ ማንን ጎዳን ይላታል። ማንን! እሷ ደግሞ ሙቀጫውን ትጎትታለች።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ፈረንጆች መጡ። የሻረግ ፓፓዱን ጠብሳ፣ በየሰሐኑ ደርድራ ላከችና ከወጥ ቤቱ በር ጥግ ቆመች። ዮኒ እጁን እያወናጨፈ ስለ ነገሥታቱ ጾም ይተርካል። በእትዬ ካማላ ቤት የለመደችው እንግሊዝኛ ለመናገር ባይበቃም ለመስማት ይበቃል፤ ሁሉም ገባት። እንግዶቹ ቆርሰው ጎረሱ። ከዚያ ማኘኩ በየተራ ቆመ። አንዱ ውሃ አነሣ፣ ሌላው አነሣ፣ አንዲቱ ሴት በናፕኪን አፏን ያዘች።

የሻረግ ከሰሐን አንድ ቁራጭ አንሥታ ምላሷን ነካ አደረገችበት፤ ጾሟን መፍታቷ ትዝ አላላትም። ጨው ነው። እንደ አሞሌ የሚላስ ጨው። የተደፋችው ስኒ ያኔ ፊቷ ላይ ድቅን አለች።

ዮኒ ግን አስጎብኚ ነው፤ ተሰናክሎ አይወድቅም። ሳቅ አለና፣ ጨው የበዛው ሆን ተብሎ ነው አላቸው። ነገሥታቱ ሥጋቸውን ለመቅጣት በጾም ወራት እንዲህ አድርገው ይበሉት ነበር። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ማስታወሻ አውጥቶ ጻፈ። አቶ ሙሉሃብት ከዳር ሆኖ ደስታው በፊቱ ሞላ። ናፕኪን የያዘችው፣ ሽበታም ሴት፣ እኔ እንኳ ህንድ አገር ይህን የሚመስል በልቻለሁ አለች።

ዮኒም፣ ህንዶች ከእኛ ወስደውት ይሆናል አላት።

በዚህ ጊዜ ዝም ብትል የሻረግ ምንም አይነካትም ነበር። ጨዉ የነገሥታት ሆኗል፣ ጥፋቷ ታሪክ ሆኗል፣ እንጀራዋም ይቀጥላል። መጠየቅ የለ፣ መዋረድ የለ። ግን ስድስት ዓመት አብረዋት የወቀጡ ሴት፣ በክፉ ቀን ልጇን ያተረፈላት እጅ፣ አሁን ሌባ ተባሉ። ያውም በእሷ ልጅ አፍ። ሽርጧን እንደታጠቀች ወደ እንግዶቹ ወጣች።

«ተርጉም» አለችው ዮኒን። «ጨዉን በስህተት የደገምሁት እኔ ነኝ በል። ንጉሥ የለበትም። ስሙ ፓፓድ ነው፣ ያስተማሩኝ እትዬ ካማላ የሚባሉ የህንድ ሴት ናቸው በል።»

ዮኒ አንዴ አቶ ሙሉሃብትን፣ አንዴ እናቱን ያያል። ጠበቀችው። እንደማይተረጉምላት ስታይ ደረቷን መትታ፣ በዚያችው ቁርጥራጭ እንግሊዝኛ፣ ጨው የኔ ጥፋት፣ ፓፓድ የህንድ፣ አስተማሪ ካማላ አለች። ካማላ የሚለውን ሁለት ጊዜ አለችው። ሽበታሟ ሴት ብድግ ብላ እጇን ጨበጠቻት። ማስታወሻ የያዘው ሰውዬ የጻፈውን ሰረዘ።

አቶ ሙሉሃብት እንግዶቹ እስኪወጡ ታገሠ፤ ይህንንስ አይነፈገው። ከዚያ ሽርጡን አውልቂ አላት። ትርሐስ ከምድጃው ዞር ብላ፣ እኔም ጨው አስገብቻለሁ፣ ጥፋት ከሆነ የሁለታችንም ነው አለችው። ማንም አልጠየቃትም ነበር። ቢጠይቃትም ጥፋት አያገኝባትም ነበር፤ ስኒዋን እንደ ደንቡ የደፋች ሴት ናት። እንግዲያውስ አንቺም አውልቂ አላት። አወለቀች።

የሻረግ ቤቷ ገብታ እንደ ልማዷ ሙቀጫውን ጎተተች። ለወሰች፣ አንዲት ስኒ ጨው ለካች፣ ወቀጠች። ጎረቤት ሰማ። ዮኒ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መጣ፤ በር ላይ ቆሞ ይቅር በይኝ ማለት ጀመረ። አንድ ድብልብል ሊጥ ጣውላው ላይ አድርጋ በእናቷ ብረት ዳመጠች፣ አዞረች፣ ዳመጠች። ከሥር ያለው ጽሑፍ በሊጡ አልፎ ብቅ ሲል ብረቱን አስቀመጠች።

«አንብብ» አለችው።

ተንበርክኮ አነበበ። ካማላ ከእናቷ። የሻረግ ከካማላ። ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈበት፤ ባዶው የእሱ እንደሆነ ከልጅነቱ ያውቃል። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑ እንባ ሞልቶታል፤ ይቅር ያለችው መስሎታል።

የሻረግ ሊጡን አነሣች፣ ላስቲኩን ገለጠች፣ ጣውላውን ወደሱ ገፋችለት።

«እስክሪብቶ ይዘህ የለ? እኔ መጻፍ አልችልም፣ አንተ ጻፍልኝ» አለች። «ትርሐስ ከየሻረግ።»

ዮኒ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። ጻፈው። እሷም ላስቲኩን መልሳ ሸፈነች፣ ሊጡን ዘረጋችበት፣ ብረቱን አነሣች።